አንድ ድርጊት፣ ብዙ ተረክ

(በዲላ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የፋርስ ባለቅኔ ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 በፈጸመው «ሻህናሜ» ውስጥ ጀግናው ሩስተም ሳያውቅ የገዛ ልጁን ሶህራብን ይገድላል። ይህን ታሪክ ተራኪዎች በአደባባይ፣ ሠዓሊዎች በሥዕል፣ እንግሊዛዊው ማቲው አርኖልድም በ1853 በግጥም መልሰው አውርተውታል። አድማጩ ፍጻሜውን ያውቃል፤ ቢሆንም ሊሰማ ይቀመጣል። ስለ ምን?

መልሱን ለመሻት ፋርስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ድርጊቱ የአፍታ ነው፤ ተረኩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ለናፒየር ጦር ድል ነበረ፤ ለአልቃሽ እጅ ያለመስጠት ወንድነት፤ ራስን መግደል ኃጢአት ነው ለሚል ሰው ግን ከባድ ፈተና። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ወደዚያው ንጉሥ ተመልሰዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የንጉሡ ጸጉር ከለንደን ሲመለስም ወሬው እንደ አዲስ ተነሣ። ፍጻሜው አንድ ነው፤ የሚለወጠው እያንዳንዱ ትውልድ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ቡና አምራች ገበሬዎች በባለመሬቶች ላይ ተነሥተው የሚችሌ ጦርነት የሚባለውን ተዋጉ። ይህን ቡና ሲፈላ ከሽማግሌዎች ሰምተነዋል። የአንዱ ተረክ ከሌላው ሲለይብን «ውሸታሙ ማን ነው?» እያልን መከራከራችን አልቀረም። ጥያቄያችን ግን የተሳሳተ ነበረ። በርግጥ የሟቾች ቁጥር ሁለት ሊሆን አይችልም፤ ተመርምሮ መታወቅ አለበት። ስለ ምን እንደ ሞቱ ግን ልጁን ያጣ አባትና ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጎልማሳ አንድ ዓይነት ሊናገሩ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ተረክ በጌዴኡፋ፣ እንደ ተነገረ፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምረን እንጻፍ። ሁለቱን አስማምተን አንድ አናድርጋቸው። በዚያን ዘመን የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበሩት ዛሬ ከ80 አልፈዋል። መቅደላ ብዙ ጸሐፊ አግኝቷል፤ የሚችሌ ተራኪዎች ግን እኛን አይጠብቁም።