ከክፍል ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ
(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጠይቁኝ ማን ይሰማኛል አልኩ። ስለ ምርምር የሚናገር ሰሚ አያጣም፤ ስለ ምስር ግዥ የሚናገርንስ? ግን እናንተም ያንን ምስር ስትበሉ ነው የተመረቃችሁትና ትንሽ ታገሱኝ።

22 ዓመት የሠራሁት በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ነው። ከንብረት ክፍል ጀመርኩ፣ ወደ ግዥ ሄድኩ፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎች አገልግሎት። ከሞዴል 19 እና ከሞዴል 22 ጋር ነው ያረጀሁት። ይህን ሥራ ፈልጎት የሚገባበት ሰው ጥቂት ነው። ሌላ እስኪገኝ ተብሎ ይገባበታል፤ አለዚያም መምህር ይሾምበትና ዘመኑ ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መምህራንን መንቀፌ አይደለም፣ ጎበዝ ጎበዞች አይቻለሁ። ነገር ግን ሰውዬው መመሪያውን በቅጡ ባወቀ ማግስት ይሄዳል፤ ተተኪው እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ሥራው ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳያችሁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ተማሪው የሚመጣው መስከረም ወይም ጥቅምት ነው። በዚያ ክረምት ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው ጨረታ ወጥቶበት፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ መጋዘን መግባት አለበት። ማስታወቂያው የሚቆይበት ቀን አለ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን አለ፤ አንዱንም መዝለል አይቻልም። ስለዚህ ፍላጎቱ ግንቦት ላይ ካልተሰበሰበ ተማሪው ገብቶ ወጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሁሉም በጊዜው አለቀ እንበል፤ ውል የፈረመው አቅራቢ ደግሞ ገበያው ሲወደድ «በዚያ ዋጋ አልችልም» ይላል። የተማሪው የቀን ምግብ በጀት በነፍስ ወከፍ የተቆረጠ ስለሆነ ከየትም አይጨመርም። ያን ጊዜ ምስሩን በአተር ክክ ተክቶ፣ ሜኑውን አዛውሮ፣ አቅራቢውን ለምኖም በውሉ አስገድዶም በሺህ የሚቆጠር ልጅ የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ከጠፋ ካፌ ውስጥ ትሪ ይወረወራል፣ ቀጥሎ ትምህርት ይቆማል። የቱንም ያህል ጥሩ መምህር ቢኖረን ያን ሳምንት የሚያስተምረው ተማሪ የለም።

ሬጅስትራሩንማ እናንተው ታውቁታላችሁ። ውጭ አገር ሆናችሁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ዘመድ ስንቴ አመላለሳችሁ? ስማችሁ በማኅደሩ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርታችሁ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ወጪ መጋራት ከመጣበት ከ1996 ወዲህ የገባችሁ ደግሞ የዕዳውን ጣጣ ጨምሩበት። ይህን ሁሉ በመስኮት የሚሰማው ሠራተኛ ሥልጠናው ስንት ቀን እንደነበረ የጠየቀ የለም።

አሁን ግን ጊዜው ተለውጧል። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 በ2015 ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኖ ገብቶበታል። ራስ ገዝ ማለት ገንዘቡን ራሱ ይፈልጋል፣ ራሱ ያስተዳድራል፣ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል ማለት ነው። ታዲያ ማን ሊሠራው ነው? በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ እኮ አይደለም።

ለወጣቶቹ ሳልደብቅ ልናገር፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛው እርከን ከመምህሩ ይለያል፣ ማስተርስ ይዞም ያንሳል። ይህ ካልተስተካከለ ጎበዙ አይቆይም ባይ ነኝ፤ ለሚመለከታቸውም ደጋግሜ ብያለሁ። ሆኖም እገባለሁ ያለ ካለ ከፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት አይጀምር። መጋዘን ወይም ሬጅስትራር ሁለት ዓመት ይሥራ። የግዥና የፋይናንስ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ፤ አንብቦ ሲጨርስ ከብዙ አለቆቹ የተሻለ ያውቃል።

መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። የማኔጅመንትና የአካውንቲንግ ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ወደ ባንክ ትልካላችሁ። ጥቂቶቹን እዚሁ ግቢ ውስጥ ወዳለው ግዥ ክፍል ላኩልን። ግንቦት ቢሆን ይመረጣል፤ የፍላጎት ቅጹ ከየትምህርት ክፍሉ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። እግረ መንገዳችሁንም ያልሞላችሁትን ቅጽ ሞልታችሁ በእነሱ እጅ ላኩት።