በሁለት ክፍሎች መካከል የምትቀር እናት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሚጥል ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡር ሴቶች የሚያገኙት የልዩ ባለሙያ ክብካቤ የሚሻሻልበት መንገድ ነው። ርእሱ በቅድሚያ ሲሰማ በትልልቅ ከተሞች የሚገኙ የጥቂት የነርቭ ሐኪሞች ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው የአዋላጇም፣ የጤና ጣቢያው ነርስም፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጉዳይ ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ይህችን እናት የሐኪም ቁጥር ማነስ እንደሚጎዳት ሁሉ፣ ሕመሟን የሚከታተለው ክፍልና እርግዝናዋን የሚከታተለው ክፍል እርስ በርስ አለመገናኘታቸውም እጅግ ይጎዳታል፤ ይህኛውን ጉድለት ደግሞ እኛው በእጃችን ልናርመው እንችላለን።

የሚጥል ሕመም በአገራችን ብርቅ አይደለም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ቤት ለቤት የተካሄደውና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች የሚመሩት የረጅም ጊዜ ሕመሞች ክትትል ተቋቁሟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በ2006 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ይሁንና ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ የነርቭ ሐኪሞቻችን ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙትም በአዲስ አበባ ይገኛሉ።

እስቲ አንዲት እናት በሐሳባችን እንከተል። በየሁለት ወሩ ወደ ጤና ጣቢያው ትመጣና ፌኖባርቢታሏን ተቀብላ ትመለሳለች። ባገባች በዓመቱ ታረግዛለች። ከግቢው ማዶ ወዳለው የእርግዝና ክትትል ክፍል በአምስተኛው ወር ስትሄድ ስለ ሕመሟ የሚጠይቃት ከሌለ እርሷም አትናገርም፤ የባሏ ቤተ ሰቦች አያውቁምና። ጎረቤት «መድኃኒት ለፅንስ አይሆንም» ሲላት ክኒኑን ታቆማለች። መድኃኒቱን የሚሰጣት ነርስ ማርገዟን አላወቀም፤ ሆዷን የምትለካው አዋላጅም መድኃኒት ማቆሟን አላወቀችም። ሁለቱም ሥራቸውን በትጋት ሠርተዋል፤ እናቲቱ ግን በሁለቱ መካከል ወድቃለች።

በዚህ መካከል የሚደርሰው አደጋ ቀላል አይደለም። መድኃኒትን፣ በተለይም ፌኖባርቢታልን፣ በድንገት ማቆም የማያባራ ተከታታይ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም እናትንም ፅንስንም ለሞት ያደርሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ የሆስፒታል መዛግብት ጥናት የሚጥል ሕመም ካለባቸው ወላዶች ከ100,000 መካከል 80 ያህሉ መሞታቸውን፣ ሕመሙ ከሌለባቸው ግን 6 ያህሉ ብቻ መሞታቸውን አመልክቷል። በብሪታንያም የእናቶችን ሞት የሚመረምረው አገር አቀፍ ጉባኤ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከሚጥል ሕመም ጋር በተያያዘ ድንገተኛ ሞት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር ከቀደሙት ሦስት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ያህል መጨመሩን አስታውቋል። የነርቭ ሐኪም በበቂ በሚገኝባቸው አገሮች እንዲህ ከሆነ፣ የሐኪም ብዛት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ልንረዳ ይገባናል።

በዚያው ልክ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አለን። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕመሙ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ሕመሙ ካለባቸው ነገር ግን ካላረገዙ ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። ሕመሙ የጠናባቸው ሴቶች ድርሻ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን የመድኃኒታቸው መጠን የተለወጠው ከነፍሰ ጡሮቹ 74 በመቶ ሲሆን ካላረገዙት 31 በመቶ ነበር። የጥናቱ መልእክት ግልጽ ነው፤ በቅርብ የተከታተለና መጠኑን በወቅቱ ያስተካከለ ባለሙያ ባለበት እርግዝና ሕመሙን የግድ አያባብስም። በእርግዝና ወቅት ሰውነት እንደ ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ያሉትን መድኃኒቶች ከወትሮው ፈጥኖ ያስወግዳል፤ ስለዚህ ትናንት በቂ የነበረው መጠን ዛሬ ያንሳል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ነገሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይገለበጣልና፣ የጨመርነውን ካልቀነስን እናቲቱ በመድኃኒቱ ብዛት ትጎዳለች።

መድኃኒቶቹ ራሳቸው በፅንስ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እኩል አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከአከርካሪ አለመገጠም ጋር ያለው ዝምድና በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ከታየበት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስረጃው እየጠነከረ መጥቷል። ከብዙ አገሮች መረጃ የሚሰበስበው የአውሮፓ የእርግዝና መዝገብ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ አንድ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱ እናቶች በተወለዱት ሕፃናት ላይ ከፍ ያለ የአካል ጉድለት የታየው በቫልፕሮኤት 10.3 በመቶ፣ በፌኖባርቢታል 6.5 በመቶ፣ በካርባማዜፒን 5.5 በመቶ፣ በላሞትሪጂን 2.9 በመቶ፣ በሌቬቲራሴታም 2.8 በመቶ ነበር። የቫልፕሮኤትም ሆነ የፌኖባርቢታል ጉዳት የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። ከዚህም በላይ ቫልፕሮኤት የሕፃኑን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ስለሆነም የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ቫልፕሮኤት ማርገዝ ለሚችሉ ልጃገረዶችና ሴቶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል።

ይህን ሁሉ ስናውቅ ጊዜው ዋና ጠላታችን እንደሆነ እንገነዘባለን። የፅንሱ የነርቭ ቧንቧ የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገራችን 74 በመቶ የሚሆኑት ነፍሰ ጡሮች ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሠለጠነ ባለሙያ ክትትል ያገኙ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመጡት ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ፎሊክ አሲድ ለመስጠትም ሆነ መድኃኒት ለመለወጥ የእርግዝና ክትትል ክፍሉን መጠበቅ ብዙውን ጊዜ ከዘገየ በኋላ መድረስ ነው። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች የነርቭ ቧንቧ ጉድለት በአገራችን ከፍተኛ መሆኑን ስላመለከቱ ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ያሳስባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የነፍሰ ጡሯ ልዩ ክብካቤ ከእርግዝናው በፊት፣ በሚጥል ሕመም ክትትል ክፍል ውስጥ መጀመር አለበት።

ከዚሁ ጋር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የጉበትን ሥራ ስለሚያፋጥኑ በአፍ የሚወሰደውንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ኃይል ያዳክማሉ። በክንዷ ያስቀበረች እናት ተጠብቄአለሁ ብላ ሳለች ልታረግዝ ትችላለች። በየሦስት ወሩ በመርፌ የሚሰጠውና በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን በእነዚህ መድኃኒቶች ምክንያት አይዳከሙም። የቤተ ሰብ ምጣኔ ክፍል አንዲት ጥያቄ፣ «የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ ወይ?» የምትለውን፣ ብትጨምር ብዙ ያልታሰበ እርግዝና ይቀራል።

በምጥ ክፍልም ጥንቃቄ ይሻል። ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንፈራግጥ ሁሉ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኤክላምፕሲያ ሊቆጠርና በማግኒዝየም ሰልፌት ሊታከም ይገባዋል። የሚጥል ሕመም እንዳለባት የታወቀች እናትም ከኤክላምፕሲያ ነፃ አይደለችምና የደም ግፊቷና ሽንቷ ሊመረመር ግድ ነው። ይሁን እንጂ ግፊቷ ደኅና የሆነ፣ መድኃኒቷን ያቋረጠች እናት ሕመሟ ሲነሣባት የሚያስፈልጋት እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ታሪኳ ነው፤ እርሷ ራሷን በሳተችበት ሰዓት ግን ታሪኳን የሚናገረው በእጇ ያለው ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። በሕመሙ ላይ ሳለች ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ሆነ በጥርሷ መካከል ነገር ማስገባት ከመጉዳት በቀር ጥቅም እንደሌለው ለአስታማሚዎቿ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከወለደች በኋላ ጡት ማጥባቷ ይበረታታል፤ ፌኖባርቢታል የምትወስድ ከሆነ ሕፃኑ ከልክ በላይ እንዳያንቀላፋና መጥባት እንዳይተው መከታተል ይበቃል። ሕፃኑ እንደ ማንኛውም አራስ ቫይታሚን ኬ ሊሰጠው ይገባል። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ ሌሊት የሚያግዛት ሰው ያሻታል። በቤታችን ልማድ ደግሞ ምድጃው ክፍት ነው፤ ልጅ የሚታዘለው በጀርባ ነው፤ የሚታጠበውም በገንዳ ነው። ስለዚህ እሳት አጠገብ ሕፃን እንዳታዝል፣ ብቻዋን ሆና እንዳታጥበው፣ ልብሱን ስትለውጥለትም መሬት ላይ ተቀምጣ እንድታደርገው መምከር ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ሕክምና ነው። የጠበል ነገር ሲነሣም መከራከር አያስፈልግም፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራ ትውሰድ ማለት ይሻላል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ከላይ ከተናገርሁት ተነሥቼ አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሚጥል ሕመም ክትትል ክፍል በየቀጠሮው ለመውለድ ዕድሜዋ የደረሰች ሴት ሁሉ «በሚመጣው ዓመት ለመውለድ ያስባሉ ወይ?» ተብላ ትጠየቅ፤ መልሷም በካርዷ ላይ ይጻፍ። ፎሊክ አሲድም በዚያው ክፍል ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ እናቲቱ ከእጇ የማትለየው የአንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅላት። የሕመሙ ዓይነት፣ ሕመሙ መጨረሻ የተነሣበት ቀን፣ መድኃኒቱና መጠኑ፣ የምትወልድበት ጤና ተቋም፣ ሕመሙ በምጥ ላይ ቢነሣ ምን እንደሚደረግ ይጻፍበት። ሁለቱም ክፍሎች በየቀጠሮው በዚያው ላይ ይፈርሙ፤ ምስጢሯን ለመጠበቅም ወረቀቱ በውጪው ገጽ የሕመሙን ስም አይያዝ።

ሦስተኛ፣ የሪፈራል ሆስፒታሎች የነርቭና የማሕፀን ሐኪሞች በሳምንት የታወቀ ሰዓት መድበው የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን በስልክ ያማክሩ። ሐኪሙ ወደ እያንዳንዷ እናት መሄድ አይችልም፤ ዕውቀቱ ግን ሊሄድ ይችላል።

አራተኛ፣ መድኃኒት በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ ለነፍሰ ጡሮች የተለየ መጠባበቂያ ይያዝ፤ ወደ መውለጃዋ የተቃረበች እናትም የአራስነቷን ጊዜ የሚሸፍን መድኃኒት አስቀድማ ትቀበል።

አምስተኛ፣ የእርግዝናዎቹን ውጤት የሚይዝ መዝገብ በአገራችን ይከፈት። የዓለም ማስረጃ የሚበዛው የመጣው ፌኖባርቢታል ዛሬ እምብዛም ከማይታዘዝባቸው አገሮች ነው። እኛ ግን እናቶቻችንን የምናክመው ይበልጡን በዚሁ መድኃኒት ስለሆነ፣ ጥያቄውን ለመመለስ ከማንም ይልቅ የምንቀርበው እኛ ነን።

ከእነዚህ አምስቱ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ አንድም የለም። አብዛኞቹ የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሴቶች ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ፤ ይህን እውነት ለራሳቸው፣ ለባሎቻቸውና ለአማቶቻቸው ደግመን ደጋግመን መንገር የሙያ ግዴታችን ነው። መድኃኒቷን ማቆም እንደማይገባት ከጎረቤት በፊት ከእኛ የሰማች እናት ክኒኗን አታቆምም። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን ከግቢው ማዶ ያለውን ክፍል በር እንድናንኳኳ አደራ እላለሁ።