የሰልባጅ ዋጋና የሕመምተኛ ማስታመሚያ



እድራችን የሚደርሰው ሰው ሲሞት ብቻ ነው ወይ? በእንግሊዝ አገር የማይድን ሕመምተኛን የሚያስታምሙ ሆስፒስ የሚባሉ ድርጅቶች፣ ሰው በነፃ የሰጣቸውን ልብስና ዕቃ በሱቅ እየሸጡ ወጪያቸውን ይደጉማሉ። በእኛም አገር በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኛን በየቤቱ እየሄደ ያስታምማል።

ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። በነፃ የመጣ ነው ተብሎ ከረከሰ ነጋዴ ጠቅልሎ ያተርፍበታል፤ ከተወደደ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። እነሱ ደኅናውን ካለቀው ለይተው፣ የሰፈሩን አቅም አይተው ይተምናሉ፤ አልሸጥ ያለውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እኛ አምና አባላት የሰጡንን ጋቢና ጃኬት በይሉኝታ በርካሽ ለቀቅነው፤ በሳምንቱ ወረታ ገበያ በእጥፍ ሲሸጥ አየነዋ! ዘንድሮ የፎገራ ሩዝ ተወቅቶ ገበሬው ብር ሲይዝ እንሽጥ። ዋጋ የሚቆርጡ ሦስት ሰዎች ዛሬውኑ ይመረጡ። ገንዘቡም ለድንኳን ሳይሆን የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት አባሎቻችን መድኃኒትና ሳሙና ይዋል።