ውሃ ዳር ለሚያድር ሰው



በክረምት ጀልባ ላይ ሙቀትንና ደኅንነትን ስለ መጠበቅ ለመናገር ቀፊራ ላይ የሚቆም ሰው ሊያስገርም ይችላል። ድሬዳዋ ወደብ የላትም፤ በብርድም አትታማም። ደቻቱም ቢሆን አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰውና ግመል ይሻገርበታል፤ ገበያተኛም ዕቃውን ይዘረጋበታል። ይሁን እንጂ የመርከበኛውና የቀፊራ ነዋሪ ዕጣ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ይኸውም ሁለቱም ውሃ ዳር የሚያድሩ መሆናቸው ነው። ስለሆነም መርከበኞች ብዙ ሕይወት ከፍለው ያገኟቸውን ሦስት ሕጎች ለቤታችን ብንዋሳቸው አናፍርም።

የመጀመሪያው ሕግ «ሳትሞቅ በፊት ድረቅ» የሚል ነው። ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር በ25 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አንድ ሊትር ውሃ ከገላና ከልብስ ላይ ሲተን ደግሞ 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ በስድስት ወይም በሰባት ሰዓት ውስጥ ከሚያመነጨው ሙቀት ጋር ይተካከላል። በቆላ አገርም ቢሆን ሌሊት ከጎርፍ የወጣ ሕፃን ወይም ሽማግሌ በነፋስ መሐል ቆሞ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ርዳታ እሳት ማንደድ ሳይሆን እርጥቡን ልብስ አውልቆ በደረቅ ጨርቅ መጠቅለልና ከነፋስ መከለል ነው። መርከበኛ አንድ ሙሉ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ቋጥሮ ያስቀምጣል፤ በደቻቱ ዳር ያለ ቤትም በክረምት እንዲህ ያለ ቋጠሮ ከፍ ባለ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ሕግ እሳትን ይመለከታል። በሰሜን አውሮፓ ቦዮች ዓመቱን ሙሉ ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከውሃው ባልተናነሰ የሚፈሩት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ምድጃን ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ራስ ምታትና ድካም ይቀድማል፤ ከዚያም እንቅልፍ የመሰለ ሞት ይከተላል። ዝናብ ሲጥል በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፣ የራሰ ልብስ ለማድረቅ ወይም ቡና ለማፍላት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰው ራሱን በዚያው ጀልባ ውስጥ እንዳስቀመጠ ይቁጠር። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ከመኝታ በፊት ደግሞ ይውጣ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ሕግ ተራ ጠባቂ ሳይኖር አለመተኛት ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ በሌሊት ከተማዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤት አልባ ሆነዋል። ጎርፉን ያመጣው በዋናነት ከከተማዋ በላይ ባለው የደጋ ተዳፋት ላይ የጣለው ዝናብ ነበር። ከዚህ የምንማረው በራሳችን ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ብቻ መመልከት እንደማይበቃ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሣ ውሃ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ፣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ጥቂት ባነሰ ጊዜ ነው። በላይ ያለ ሰው አይቶ በታች ላለው ቢያስታውቅ ይህ ጊዜ ሕይወት ነው፤ መልእክቱ ካልደረሰ ግን ጊዜው መኖሩ ብቻ ማንንም አያድንም። ስለዚህ በደጋው የዝናብ መለኪያና ተመልካች፣ በከተማው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቤተሰብም ወደ ከፍታ የሚያደርሰውን መንገድ በቀን ሄዶ ሊያውቀው ይገባል።

የሚሮጥን ውሃ ማንም በጉልበቱ አይመን። የግፊቱ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የ200 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋል፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 800 ይደርሳል። ዕቃ ለማትረፍ ወደ አሸዋው የሚመለስ ነጋዴ ሊገጥመው የሚችለው ይህን የመሰለ ኃይል ነው።

ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ጠቀሜታውም የማይካድ ነው። ዳሩ ግን እኛ መሐንዲሶች ለሕዝቡ በግልጽ ልንነግረው የሚገባ አንድ ሐሳብ አለ። አንድ ግንብ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ለሚባል ጎርፍ ቢነደፍ፣ ነዋሪው «እንግዲህ ለ50 ዓመት ተኝቼ ላድር ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትርጉሙ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከዚያ ልክ የሚደርስ ወይም የሚያልፍ ጎርፍ በእያንዳንዱ ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 2 ነው ማለት ነው። ይህ በ30 ዓመት ሲታሰብ ከመቶ 45 ያህል ይሆናል። ልጅ ተወልዶ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ቁጥሩን ነድፈን ፋይል ውስጥ ብንዘጋበት ግንቡ ራሱ የሐሰት መተማመኛ ይሆናል።

መርከብ የቱንም ያህል ጠንካራ ሆና ብትሠራ መሐንዲሷ የነፍስ አድን ጀልባዋን አያስቀርም፤ ይህን ማድረጉም ሥራውን እንደ መናቅ አይቆጠርበትም። እኛም ለግንቡ ስንጨነቅ ለማምለጫው መንገድ፣ ለማስጠንቀቂያውና በተራራው ላይ ለሚተከለው ዛፍ እኩል እንጨነቅ። በቀፊራ አርከኖች ሥር ውሎ ማታ በደቻቱ ዳር የሚተኛው ሰው ስሌታችንን አያነብም፤ የሚተኛው ግን በእኛ ስሌት ላይ ነው።