ጎጆ ቤትና የአምባሰል ታሪክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር)



የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ መፈረሙን ሁላችንም ተምረናል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘና ነገሩ እስከ ዐድዋ አደረሰን። ይሁን እንጂ እንግዳ መጥቶ «ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት አዳራሽ የታል?» ቢለን የምናሳየው የዚያን ዘመን ግንብ የለንም፤ በሠፈር ነበሩና። መቅደላም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በሞቱ በአራተኛው ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጠለው። ሣር ክዳኑ ቤት ነደደ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ግን ክብደቱ አድኖት እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ቤት ለማወቅ የምንሻ ተማሪዎች የምናየው የገበሬውን ጎጆ ነው፤ አሠራሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነውና። በችካልና በገመድ መሬቱ ላይ ክብ ይሰመራል። ድንጋይ በበዛበት ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይካባል፤ እንጨት ባለበት ደግሞ ቋሚው ቆሞ በማገር ይታሰርና ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ ይመረጋል። ወራጆቹ ሁሉ ወደ ምሰሶው አናት ይሰበሰባሉ። ሣሩ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይከደናል። ጣራው ሹል መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ለጥ ያለ ሣር ዝናም ያስገባልና። ጫፉንም ጉልላት ይዘጋዋል።

ጭስ መውጫ የለውም፤ ጭሱ በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣል። እንጨቱን እያጠቆረ ከነቀዝ የሚጠብቀው ይኸው ጭስ ነው። የእናቶቻችንንም ዓይን ያሳመመ እርሱ ነውና ጎጆን ስናመሰግን ይህን መሸሸግ አይገባንም።

ዛሬ ቆርቆሮ በየመንደሩ ገብቷል። ሣር ፍለጋንና ክዳን ማደስን ስላስቀረ ማንንም አንወቅስም፤ ቀን ቢያግልና ሌሊት ቢያበርድም። ነገር ግን አሮጌው ቤት ሲፈርስ የወራጁ አስተሣሠር፣ የምሰሶው እንጨት ዓይነትና አከዳደኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቃል አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ አሮጌ ጎጆ ለማፍረስ ባሰባችሁ ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ላኩብን። ሜትርና ደብተር ይዘን እንመጣለን፤ እንጨቱንም በመሸከም እናግዛለን።