የባሌ ጦስኝና የቦረና ሙጫ ለማንጎ ጥበቃ



አንትራክኖስ የተባለው የፈንገስ በሽታ ወደ ማንጎ የሚገባው ፍሬው ለጋ ሳለ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቡ የሚታየው ግን ሲበስል፣ ብዙ ጊዜም ገበያ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ኪሳራው የሚመጣው ልፋቱ ካለቀ በኋላ ነው።

በባሌ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ ዘይት ቲሞልና ካርቫክሮል ይዟል፤ እነዚህም የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳሉ። ይሁን እንጂ ዘይቱ ቶሎ ይተናል፤ ሲበዛም ልጣጩን ያቃጥላል፣ ጣዕሙን ይለውጣል።

ይህን ጉድለት በነጌሌ ቦረና ዙሪያ ከግራር የሚሰበሰበው ሙጫ ሊሞላው ይችላል። በውሃ ሟሙቶ ከጥቂት ዘይት ጋር ሲቀባ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የዘይቱንም ትነት ያዘገያል። የግራር ሙጫና የቀረፋ ዘይት ቅልቅል በሙዝና በፓፓያ ላይ በውጭ አገር ተሞክሮ በሽታውን ቀንሷል። ለእኛ ማንጎና ለእኛ ጦስኝ የሚስማማውን መጠን መለየት የእናንተ የምርምር ድርሻ ነው።