የጠፋ ረግረግ በምን ይካካሳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ ነው። ይኸውም ኩባንያዎች በግንባታ የሚያጠፉትን ረግረጋማ መሬት በሌላ ስፍራ አልምተው ስለሚተኩበት አሠራር፣ ከዚያም ስለሚሸጠውና ስለሚገዛው የማካካሻ ክሬዲት ነው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ በሚታይበት ከተማ ቆሞ ስለ ረግረግ መናገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ያ ውሃ በአብዛኛው የሚሰርገው ከደጋው ዳገት ወርዶ በእነዚሁ አሸዋማ መውረጃዎች በኩል ነው። ስለዚህ እኛ ረግረግ ባይኖረንም ረግረግ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራልን መሬት አለን።

የአሠራሩ ምንጭ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ ረግረግ ደልድሎ መገንባት የሚሻ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ። ፈቃድ ጠያቂው ጉዳቱን በመጀመሪያ እንዲያስቀር፣ ካልሆነለት እንዲቀንስ፣ የተረፈውን ብቻ እንዲያካክስ ይጠየቃል። ከዚህ ተነሥቶ ረግረግ አስቀድመው አልምተው በመንግሥት ካስመዘገቡ በኋላ ክሬዲቱን ለገንቢዎች የሚሸጡ ድርጅቶች ተፈጠሩ፤ «ባንክ» ተብለውም ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሁኔታውን ሲመረምር ግን የታሰበው ሚዛን እንዳልተጠበቀ፣ ይሠራሉ ከተባሉት ማካካሻዎች ጥቂቶቹም ከነጭራሹ እንዳልተሠሩ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደንቡ ጠበቅ ብሎ፣ አንድ ክሬዲት የሚያገለግለው በተወሰነለት የተፋሰስ ክልል ውስጥ እንዲሆን በግልጽ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሕጉ የሚጠብቃቸውን ረግረጎች አጥብቧል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው የተፋሰሱን ድንጋጌ ነው።

ክሬዲት መሸጥ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በወላይታ በሁምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ኮረብታ ተከልሎ ደኑ እንዲያገግም በመደረጉ፣ በዓለም ባንክ በኩል የካርቦን ክሬዲት ተሽጧል። ካርቦን ግን ለዚህ ይመቻል፤ ሁምቦም ተያዘ ሌላ አህጉር ለከባቢው አየር ልዩነት የለውም። ውሃ እንዲህ አይደለም። በአንድ ተፋሰስ የጎደለ ውሃ በሌላው ቢሞላ፣ የመዝገቡ ሂሳብ ይዘጋል እንጂ የደረቀው ጉድጓድ ውሃ አያገኝም።

ለዚህ ከደጃችን የሐረማያን ሐይቅ የሚያህል ምስክር የለም። ሐይቁን በአንድ ቀን የደፈነው ኩባንያ የለም። ከተራቆተው ተዳፋት የወረደው ደለል፣ ለጫትና ለአትክልት የተተከሉት ፓምፖች፣ ሐረርና አካባቢው ለመጠጥ የቀዱት፣ ፀሐይም የተነነችው ተደማምረው በ1990ዎቹ አጋማሽ አደረቁት። ለአሥርት ዓመታት ከሐይቁ ትጠጣ የነበረችው ሐረር ፊቷን ወደ ቆላው አዞረች፤ በድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው በዳገቱ ሽቅብ እንዲገፋ ተደረገ።

እስቲ እንደ ሞያችን እናስላው። ሽቅቡ ከ800 ሜትር አያንስም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም አንድ ቶን፣ ይህን ያህል ለማንሣት በቧንቧ ውስጥ የሚባክነውን ሳንቆጥር 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። የፓምፑና የሞተሩ ብቃት በአንድነት 65 በመቶ ነው ብንል ወደ 3.4 ይጠጋል። ሐይቁ ግን ከሐረር ከፍ ብሎ የተኛ ነበር። ይህ ወጪ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ላይ የሚከፈል ነው፤ የአንድ ረግረግ ዋጋ ስንት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ አላውቅም። በዚህም ላይ የሐረማያ መሬት በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ነው፤ ድሬዳዋ በአዋሽ ናት። በአንዱ የጠፋው ከሌላው ተበድሮ ተተካ፤ አበዳሪው በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እርከኑ ያመጣው ስንት ነው? ፓምፑ ሲቀንስ የተረፈውስ? ጥሩ ዝናብ ያመጣውስ? ይህን ሳይለይ ክሬዲት የሚጽፍ መሐንዲስ ዝናብ እየሸጠ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል፤ ፋብሪካና መጋዘን ይበዛል፣ አስፋልትና ጣሪያም ውሃ ይሰርግበት የነበረውን መሬት ይሸፍናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጉዳት ማቃለያ እንዲታቀድ ደንግጓል። ነገ አንድ ፋብሪካ «ያጠፋሁትን በሐረማያ ዳር ችግኝ ተክዬ አካክሳለሁ» ቢል፣ ሐይቁ ለፎቶግራፍ ስለሚያምር ብዙዎች ያጨበጭቡለታል። ሥራው በጎ ሥራ ነው፤ ለድሬዳዋ ጉድጓዶች ግን ክሬዲት ሊሆን አይገባም። የከርሰ ምድር ውሃ የሸንተረሩን መስመር ሁልጊዜ እንደማያከብር አውቃለሁ፤ እንግዲያው ይገናኛል የሚል ወገን በልኬት ያስረዳ።

የፋብሪካው ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደ ደቻቱ የላይኛው ተፋሰስ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዳገቱ ውሃውን ቢይዝ ጎርፉም ይቀንሳል፣ ጉድጓዱም ይሞላል። ክሬዲቱም ችግኝ በተተከለ ዕለት ሳይሆን የጉድጓዶቹ የውሃ ከፍታ ለተከታታይ ዓመታት ተለክቶ፣ ከዝናቡ መዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ መሰጠት አለበት። ለኩባንያው ይህ መዘግየት እንደሚከብደው አልክድም፤ ክፍያውን በደረጃ ማድረግ ይቻላል።

እንዲህ ባለው ሰነድ ግርጌ የሚፈርመው ከእኛ አንዱ ነው። ስለዚህ የአለካኩን ደንብ የሚያረቅ፣ የውሃ፣ የሲቪልና የሥነ ምድር ባለሞያዎች ያሉበት ቡድን ከዚህ ጉባኤ እንዲሰየም፣ ረቂቁም ለመጪው ዓመት ጉባኤ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።